ብቻዬን ነው የጀመርኩት

«ብቻዬን ነው የጀመርኩት» አለ አጎቷ ለመስታወቱ። ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ትንሽ ወፈር አድርጎ ደገመው፤ «ብቻዬን፣ በሁለት እጄ፣ ከምንም ተነስቼ ነው የጀመርኩት።» መስታወቱ ከሳሎኑ በር አጠገብ የቆመ፣ ሰውን ከእግር እስከ ራስ የሚያሳይ ትልቅ መስታወት ነው። አጎቷ በካናቴራና በአዲስ ሱሪ ከፊቱ ተገትሯል። ከጀርባው፣ እዚያው መስታወት ውስጥ፣ እናቷ የመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ የሱን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ልጅቷ የቁርሱን ሰሃን ልታነሳ ስትገባ ሁለቱንም ባንድ ላይ አየቻቸውና እጇ ሰሃኑ ላይ ቀረ። እናቷ ቀና እስክትል ጠበቀች። ቀና ብላ «ኧረ ማሙሽ!» ብላ ብትስቅበት እንኳ ይበቃት ነበር። እናቷ ግን ሸሚዙ ላይ ውሃ ረጨች፣ እጅጌውን ገለበጠች፣ ከዚያም «ኮሌታው ጠንከር ይበል?» ብላ ጠየቀች።

«ጠንከር ይበል እትዬ፤ ካሜራ ይኖራል» አለ፣ ዓይኑን ከራሱ ላይ ሳያነሳ።

ሰውየው የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። የመጥረጊያና የብሩሽ ፋብሪካ አለው። «ፋብሪካ» የሚለው እሱ ነው፤ እዚያ የሚሠሩት ሴቶች «ቤቱ» ነው የሚሉት፣ ከስብሰባ አዳራሽ ያነሰ አንድ ቆርቆሮ ቤት ስለሆነ። ቢሆንም የሱ መጥረጊያ ያልገባበት ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ሆቴል ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ ባለፈው ዓመት በቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ጠርቶ ያናግረዋል። ዛሬ ደግሞ የጠራው ልጅቷ የምትማርበት ኮሌጅ ነው፤ የሥራ ፈጠራ ትምህርት መምህሯ «ከመጽሐፍ ወጥተን ከሰው እንማር» ብሎ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በእንግድነት ጋበዘው። ግብዣው ሲመጣ አጎቷ ቤቱን በሳቅ ሞላው፤ «አየሽ ፕሮፌሰር፣ ላስተምርሽ ስከፍል ኖሬ አሁን ራሴ ላስተምርሽ መጣሁልሽ!» አላት። ፕሮፌሰር የሚላት ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ ነው። ስድብም አይደል፣ ሙገሳም አይደል።

እሷና እናቷ የሚኖሩት ከአጎቷ ቪላ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። አንድ አልጋ፣ በሩ የማይገጥም ቁምሳጥን፣ ከቪላው ሳሎን ጡረታ የወጣ ሶፋ። በዚያ ግቢ ያረጀ ነገር ሁሉ ጡረታ የሚወጣው ወደነሱ ነው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ምንጣፉም፣ ሹራቡም። እናቷ ጠዋት ቪላው ውስጥ ቁርስ ታቀርባለች፣ ቀን ፋብሪካው ውስጥ የመጥረጊያ ጭራ በሽቦ ትስባለች፣ ማታ ደግሞ የወንድሟ ሚስት ከወጥ ቤት መስኮት ስትጠራት ሄዳ እራት ትሠራለች። ይሄ ሁሉ ስም የለውም። ሥራ ነው እንዳይባል ደመወዝ የለውም፣ እንግድነት ነው እንዳይባል ሃያ ዓመት ሞልቶታል። «አብሮ መኖር» ነው የሚባለው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ማንም እንደ ታሪክ ቁጭ አድርጎ ነግሯት አያውቅም፤ የቤት ነገር እንደሚታወቀው ነው የምታውቀው፣ ከዚህም ከዚያም እየለቀመች። አባቷ መጥረጊያ ሠሪ ነበር። ሲሞት እሷ ገና ጡት አልጣለችም። እናቷ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የባሏን ፒንሳና ሽቦ አንስታ፣ እሷን አዝላ፣ መጥረጊያውን መሥራት ቀጠለች። ታናሽ ወንድሟ ያኔ ፈተና ወድቆ፣ ሥራ አጥቶ፣ እሷ ጋ ተጠግቶ ነበር፤ የሠራችውን በትከሻው ተሸክሞ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ይሸጣል። የንግድ ፈቃድ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ልጅ የያዘ ሰው ደግሞ ለሰልፍ አይመችም። ወንድምየው ሄዶ ተሰለፈና በስሙ አወጣ። ይኸው ነው። ማንም ማንንም አላታለለም፤ ወረፋ የያዘው ሰው ባለቤት ሆነ።

መኪናው ውስጥ ከአጎቷ ጎን ተቀመጠች። እናቷ ፋብሪካው ቅርብ ስለሆነ በእግሯ ሄዳለች። አዲስ የተተኮሰው ሸሚዝ ሽታ ሽቶውን አልፎ ይመጣል። «እስቲ ንገሪኝ» አለ መሪውን በጣቱ እየመታ፣ «እነዚህ ልጆች ምን ቢነገራቸው ይወዳሉ?»

«እውነቱ ቢነገራቸው» አለች።

ከት ብሎ ሳቀ። «እውነትማ ደረቅ ነው፤ ማባያ ይፈልጋል።»

እንደሚወዳት ታውቃለች፤ ልጅ ሳለች ትከሻው ላይ አውጥቶ ገበያ ለገበያ ያዞራት እሱ ነው፣ የኮሌጁን ክፍያ አንድ ወር አሳልፎ አያውቅም። የሚያናድዳትም ይሄው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ለወትሮው ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካው ሁሉ ዛሬ ወደ ፊት መጥቷል፤ እንግዳው ተማሪ ለልምምድ ይቀበላል የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበር። አጠገቧ የምትቀመጠው፣ አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ፣ ከመኪናው ስትወርድ አይታት ስለነበር ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «አጎትሽ ነው? አጎትሽ ነው እንዴ? አንቺ ድብቅ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ከኔ ጋር ደረቅ ዳቦ ስትካፈዪ፣ እቤትሽ ባለ ፋብሪካ አስቀምጠሽ!» ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረችና አቃታት። መምህሩ ወጣት ነው፤ ጠባብ ሱፍ ይለብሳል፣ ሲናገር ወደ ኋላና ወደ ፊት ይንጎራደዳል። ባንድ መንፈቅ ዓመት ውስጥ ካስተማራቸው ብዙውን በቃሏ ይዛዋለች። ሥራ ፈጣሪ ማለት ሌላው ሰው ያላየውን የሚያይ ነው። ሥራ ፈጣሪ ማለት ሌላው የሚፈራውን አደጋ የሚጋፈጥ ነው። ድህነት ኪስ ውስጥ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ነው። ይሄን የመጨረሻውን ሲላቸው ሁሉም ደብተሩ ላይ ጻፈው፣ እሷም ጽፋለች፣ ከሥሩም አስምራበታለች። እቤት ገብታ እናቷ በሽቦ የተተለተለ ጣቷን ቅባት ስትቀባ እያየች፣ የዚህች ሴት ድህነት ያለው የትኛው የጭንቅላቷ ክፍል ውስጥ ይሆን ብላ ያሰበችው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ የአንድ ዕቃ ወጪ እንዲያሰሉ የቤት ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር። እሷ መጥረጊያ መረጠች። ዘንጉ ይህን ያህል፣ ጭራው ይህን ያህል፣ ሽቦው ይህን ያህል እያለች መጥታ «ጉልበት» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ሌሎቹ ሴቶች በሠሩት ልክ በፍሬ ይከፈላቸዋል። እናቷስ? ትንሽ አሰበችና «የቤተሰብ ሰው ስለሆነ ክፍያ የለም» ብላ ጻፈች። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልስላት ከጎኑ በቀይ «ግሩም! የጀማሪ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው!» ብሎበት ነበር፤ ሙሉ ነጥብ። ያን ቀን በማርኳ ተደስታ ለእናቷ አሳይታታለች። እናቷም አገላብጣ አይታ «ጎበዝ» ብላታለች። አሁን፣ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ይሄ ትዝ ሲላት፣ ፊቷ በእሳት እንደ ተለበለበ ሆነ።

አጎቷ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ሊያስቅ የፈለገበት ቦታ ሁሉ ያስቃል። የሆቴል ዘበኛ እንዴት አድርጎ በራሱ መጥረጊያ እንዳባረረው፣ ውሻ ሱሪውን ቀድዶበት በተቀደደ ሱሪ ገብቶ የመጀመሪያውን ትልቅ ትእዛዝ እንዴት እንዳገኘ ተናገረ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ሱሪውን የጠቀመችለት እናቷ ናት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና መስታወት ፊት የተለማመዳትን ዓረፍተ ነገር አመጣት። «ብቻዬን ነው የጀመርኩት» አለ። «አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት እጄ፣ ሌሊቱን ሽቦ ስጎትት አድሬ ቀን እየዞርኩ እሸጣለሁ። ጣቴ ይደማ ነበር። ማንም አልነበረኝም፤ እኔና ሕልሜ ብቻ።» ጣቶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ አሳያቸው። ከሩቅ ማን ያያል? እሷ ግን ታውቃቸዋለች፤ ሽቦ ጠባሳ ያላስቀመጠባቸው፣ ለስላሳ፣ ጥፍራቸው በሥርዓት የተከረከመ ጣቶች ናቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ሲበርድ «አንድ ነገር ልጨምር» አለና ዓይኑ እሷን ፈልጎ አገኛት፤ «ሰው ሲያልፍለት ወገኑን መርሳት የለበትም። የእህቴ ልጅ እዚህ መሃላችሁ አለች። አባቷ የሞተባት ናት። አሳድጌ፣ እኔው ነኝ የማስተምራት።» ሁለት መቶ ራስ ወደ እሷ ዞረ። ደግመው አጨበጨቡ። ሬዲዮ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ጀርባዋን ዳበሰቻት።

መምህሩ ጥያቄ ያለው አለ ሲል እጇን ያነሳችው አስባበት አልነበረም። እጇ ራሱ ነው የተነሳው። ማይክራፎኑ በሰው እጅ እየዞረ ደረሳት። አጎቷ በኩራት ፈገግ ብሎ ጠበቃት።

«እርስዎ ሲጀምሩ» አለች፤ እርስዎ ብላው አታውቅም፤ «ሌሊት ሽቦውን ይስብ የነበረው ማን ነው?»

ፈገግታው አልጠፋም፣ ግን ባለበት ደረቀ። «እኔ ነኛ፤ አልኩ እኮ።»

«ቀኑን ሙሉ ዞረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽቦ ስበው፣ መቼ ይተኙ ነበር?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። «አየህ መምህር፣ ቤተሰብ ሲያፋጥጥ እንዲህ ነው። እቤት ውስጥ እህቴ ታግዘኝ ነበር። እንግዲህ የቤት ሰው መቼም ያግዛል።»

«እሷ አሁንም ትስባለች?»

«አሁንም ከኔ ጋር ናት፤ እኔው ነኝ የምጦራት።»

«ደመወዟ ስንት ነው?»

አንድ ሰው ከኋላ «ኧረ!» አለ። የአጎቷ ፊት ቀስ ብሎ ሲጠቁር አየችው፤ ሸሚዙ ነጭ ስለነበር ይበልጥ ጎላ። መምህሩ ፈጥኖ መሃል ገባና «ይሄ የግል ጉዳይ ይመስለኛል፣ ግን ጥሩ ነጥብ ነው ያነሳችው» አለ እጆቹን እያፋተገ፤ «ባለፈው ተምረነዋል፤ የቤተሰብ ጉልበት የጀማሪ ትልቁ ሀብት ነው፣ ወጪ የለውም! ጻፉት!» ጻፉት። የሁለት መቶ ሰው እስክሪብቶ ወረቀት ሲነካ ሰማች። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የሰው ጉልበት እየረገጠች፣ ይቅርታ ሳትል፣ ከአዳራሹ ወጣች።

በእግሯ ነው የሄደችው፤ ታክሲ ውስጥ ብትቀመጥ የምትፈነዳ መሰላት። ፀሐዩ ከርሯል። በልቧ መምህሩን ሰደበችው፣ ያጨበጨቡትን ሰደበች፣ ሬዲዮን ሰደበች። የመንገድ ዳር ሱቅ ደጃፍ ላይ መጥረጊያዎች በጣሳ ውስጥ እንደ አበባ ቆመዋል፤ የነሱው ናቸው፣ ከሩቅ ታውቃቸዋለች። ዋጋቸውን ጠየቀች። «መቶ ሰማንያ» አላት ባለሱቁ። «ለአንቺ መቶ ሰባ።» ሳትመልስለት አለፈች። ሌላው ያላየውን የሚያይ፣ አለች በልቧ። መስታወቱ ውስጥ ከኋላው ቆማ ሸሚዙን የምትተኩሰውን ሴት ያላየ ሰው፣ እሱ ነው ሌላው ያላየውን የሚያይ! አደጋ የሚጋፈጠውስ? ቢከስር ኖሮ ማን ነበር የሚራበው? እሱ ወንድ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ልጅ ያዘለችው ናት የምትወድቀው። እንዲህ እያሰበች ትራፊክ መብራቱ ጋ ስትደርስ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ መጥቶም አላለፈም። እናቷ ያልተከፈላት ደመወዝ የት ሄደ? ቪላው ውስጥ አለ፣ መኪናው ውስጥ አለ። የሷም የኮሌጅ ክፍያ ውስጥ አለ። «እኔው ነኝ የማስተምራት» ሲል ያጨበጨቡለት በእናቷ ጣት ነው። እሷም እስከ ዛሬ «ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ» ስትል የኖረችው ለሌላ ሰው ነው፤ የሚገባት ሰው ግን ጭራ ስትስብ ውላ እግሯን አጥባ ትተኛለች።

ፋብሪካው በር ላይ የአጎቷን መኪና አየች። ቀድሟት ደርሷል። ውስጥ ሴቶቹ እንደ ወትሮው በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ የመጥረጊያ ራስ፣ ከጎናቸው የላስቲክ ጭራ ክምር። ጭራውን እጥፍ አድርገው በቀዳዳው ያስገባሉ፣ በሽቦው ይስቡታል፣ ጥብቅ ያደርጉታል፣ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ። ዛሬ ግን የሽቦው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ወሬ የለም። አጎቷ ከጓዳው ቢሮ ወጥቶ በአጠገቧ አለፈ፤ ቀና ብሎም አላያት። በሩ ላይ ሲደርስ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!» አለና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ከነሱ አንዷ፣ እናቷን ሁልጊዜ «አንቺማ የባለቤት እህት፣ ምን ቸገረሽ» እያለች የምትቀናባት ሴትዮ፣ አሁን ቀና ብላ አይታት ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

እናቷ ተነስታ ክንዷን ያዘችና ወደ ጓሮ፣ ዘንጎቹ ፀሐይ ላይ ወደሚደርቁበት ቦታ አወጣቻት። አያያዟ ያሳምም ነበር። ልጅቷ እናቷ የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ ወይም ደግሞ፣ በልቧ ጥግ ተስፋ አድርጋው እንደነበረው፣ የምታቅፋት። ዘወር ብላ ስታያት ግን የእናቷ ዓይን ደረቅ ነው።

«ማን ጠይቂልኝ አለሽ?»

«እማዬ፣ ብቻዬን ነበርኩ እኮ ነው ያለው! ማንም አልነበረኝም አለ!»

«ሰምቻለሁ። ጠዋትም ሰምቻለሁ። ደንቆሮ መሰልኩሽ?» ድምፅዋ ቆርቆሮው ላይ ነጠረ። «ስተኩስ ዝም ያልኩት ስላልገባኝ ነው? ሁለት መቶ ሰው ፊት ‘ደመወዟ ስንት ነው’ ብለሽ ለማኝ አደረግሽኝ። እሱ መጥቶ እነዚህ ሁሉ ሴቶች እየሰሙ ነገረኝ፤ ሃያ ዓመት ያለ ደመወዝ የሠራች ሞኝ መሆኔን ያላወቀ አንድ ሰው እንዳይቀር። እሱ ታሪኬን ደበቀው። አንቺ ደግሞ አውጥተሽ በተንሽው። አንዳችሁ እንኳ፣ አንዳችሁ፣ እኔን ጠይቃችሁኛል? ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ‘እማዬ፣ እንዴት ነበር?’ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ጠይቃ አታውቅም። ስለ ወጪ ጽፋለች፣ ሙሉ ነጥብ አግኝታለች፣ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«አሁን እቤት ሂጂ» አለች እናቷ። «ማታ ይመጣል። ስትገናኙ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ።»

«አልጠይቅም።»

«ትጠይቂያለሽ» አለች እናቷ፤ ተመልሳም ገብታ ሥራዋ ላይ ተቀመጠች።

አመሻሹ ላይ መጣ። ሰርቪሷ ውስጥ ሦስት ሰው ቆሞ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ስለዚህ እሱ በሩ ላይ ቆመ፣ እናትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ልጅቷ ከሶፋው ተነሳች። ሸሚዙን አልቀየረም፤ ኮሌታው ላልቷል።

«ተነስተሻል፤ በይ እንግዲህ» አለች እናቷ።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ። «በሰው ፊት ስላሳፈርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ። ግን…»

«ግን የለውም!» አለች እናቷ ጮክ ብላ። «ይቅርታ ግን የለውም።»

«ይቅርታ» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ አሁን መጣ፣ የንዴት እንባ።

አጎቷ በረጅሙ ተነፈሰ። ፊቱ ለስለስ አለ፤ የሱ ንዴት መጥቶ የሚሄድ ነው። «እንግዲህ ልጅ ናት» አለ፤ «አፏን ከፈቱልኝ፣ ምን ላድርግ፤ የኮሌጅ ልጅ ነገር ነው። አልቋል። ከሆዴ አውጥቼዋለሁ።» ሊወጣም ዞረ።

«አላለቀም ማሙሽ» አለች እናቷ። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። «የሷ አለቀ። ያንተ ቀረ።»

«የኔ ምን?»

«ይቅርታህ።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ የእህቱን ፊት አየና ፈገግታውን ሰበሰበ። «እትዬ፣ አንቺም? እኔ ያየሁትን ታውቂያለሽ። ዘበኛ ሲገፋኝ፣ ውሻ ሲያባርረኝ፣ በዝናብ ስመጣ…»

«አውቃለሁ። ሱሪህን የጠቀምኩት እኔ ነኝ። በዝናብ ስትመጣ በሩን የምከፍትልህም እኔ ነኝ። የሮጥከውን መቼ ካድኩህ? አንድም ቀን ለሰው ‘እኔ ነኝ የሠራሁት’ ብዬ አላውቅም፤ ‘ወንድሜና እኔ’ ነው የምለው። ሁለት ነበርን። አንተ አንድ ነበርኩ አልክ።»

«ወሬው እንደዚያ ነው የሚነገረው!» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ልመና ገብቶበታል። «ሰው መስማት የሚፈልገው እንደዚያ ነው፤ የቴሌቪዥኖቹ ሰዎች ራሳቸው ናቸው እንዲህ በል ያሉኝ። ከእህቴ ጋር ሆኜ ብል ማን ያጨበጭብልኛል?»

«እኔ አጨበጭብልህ ነበር» አለች እናቷ።

የአጎቷ እጅ የበሩን መቃን እየደባበሰ ቆየ። ልጅቷ ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ የሚናገር መሰላት፤ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «እሺ፣ ስንት ይበቃሻል? ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንደ ሴቶቹ ላድርግልሽ? ከነሱም እጨምራለሁ።»

«ስንት አላልኩህም። ንገራቸው ነው ያልኩህ።»

«ለማን?»

«ብቻዬን ነበርኩ ብለህ ለነገርካቸው ሁሉ።»

«ምን? ቴሌቪዥን ጣቢያ ተመልሼ ልሂድ? ኮሌጁ ሄጄ ዋሽቻችኋለሁ ልበል?» ሳቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። «አብደሻል እትዬ። ልጅሽ ናት ያሳበደችሽ። የት ትሄዳላችሁ እንዲህ ሆናችሁ? ማን ነው ከኔ ሌላ ያላችሁ?» እህቱ ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳ ስትለው፣ በሩን ክፍት ትቶ ግቢውን አቋርጦ ሄደ። የቪላው በር ሲወረወር ተሰማ።

ሁለቱ ተቀመጡ። ልጅቷ የእናቷን እጅ ልትይዝ ፈልጋ ፈራች። ጥቂት ቆይቶ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የአጎቷ ሚስት ከወጥ ቤቱ መስኮት ተጣራች፤ እራት ሊሠራ ነው። ልጅቷ በልማድ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አለች እናቷ።

ተቀመጠች። ሚስትየዋ ድጋሚ ተጣራች፤ ያልሰሟት መስሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ነገ ጠዋት ትምህርት አለሽ?» ብላ ጠየቀች እናቷ።

«አለኝ። ያው የሥራ ፈጠራው ነው።»

«ቅሪ። ቤት ፍለጋ አብረን እንወጣለን።»

«በምን እንከፍላለን እማዬ?»

«ምነው፣ እጄ ተቆረጠ?»

በመጨረሻ ልጅቷ «እማዬ» አለች፤ «እንዴት ነበር ስትጀምሪ?»

እናቷ ወደሷ ዞራ ትክ ብላ አየቻት። ልትመልስላት ስትል ከወጥ ቤቱ መስኮት ሦስተኛው ጥሪ መጣ፤ አሁን ቁጣ ነው፣ ስሟን እየጠራች ነው። እናቷ ተነሳች፤ በሩን ዘጋችና መወርወሪያውን ከውስጥ ወረወረች፤ ከዚያም ልጇ አጠገብ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«አባትሽ የሞተ ዕለት» አለች፣ «ያልተጨረሰ ሰባት መጥረጊያ ነበር።»